ታጥቦ የተጠጣው መልክ

የምርጫ ፖስተር ላይ ያለ ሰው ምን እያየ ነው? ከምሬ ነው የምጠይቀው። አገጩን ቀና አድርጎ፣ ዓይኑን ሰቅሎ፣ እኔ ሥሩ ቆሜ እያለሁ በአናቴ አሻግሮ ያያል። ድምፅ የሚፈልገው ከእኔ ነው ከደመናው?

ፎቶው ደግሞ ከታች ወደ ላይ ነው የሚነሳው። ካሜራው ዝቅ ሲል ሰውየው ይገዝፋል። እጅጌውንም ይሰበስባል፣ ሥራ ሊጀምር ነው እንድንል። እስከ ዛሬ ማን ያዘው?

ድሮ ቢያንስ ያዩን ነበር። እ.ኤ.አ. በ1917 ጄምስ ሞንትጎመሪ ፍላግ ለጦር ምልመላ ፖስተር የሳለው አጎት ሳም፣ አሜሪካን የሚወክለው ሽማግሌ፣ ጣቱን ቀስሮ፣ አፍጥጦ «አንተን ነው የምፈልገው» ይላል። ፊቱ የሠዓሊው የራሱ ነው፤ ሞዴል ከመፈለግ ራሱን አስረጅቶ ሳለ። ከየትም ብትቆም ዓይኑ አይለቅህም። ከዚያ እ.ኤ.አ. በ2008 ሠዓሊው ሼፐርድ ፌሪ ኦባማን በቀይ፣ በክሬምና በሰማያዊ ሠራው፤ ወደ ላይ አሻግሮ እያየ፣ ከሥሩ «ተስፋ» የምትል አንዲት ቃል። እሱስ አምሮበታል። ያ ሁሉ ኮራጅ ነው ያስመረረኝ።

«መልክ ታጥቦ አይጠጣም» የሚለውን ተረት እወደዋለሁ። ግን ማን ሰማው? እ.ኤ.አ. በ2005 የሥነ ልቦና ተመራማሪው አሌክሳንደር ቶዶሮቭና ባልደረቦቹ ያወጡት ጥናት አለ። ለሰዎች የማያውቋቸውን የአሜሪካ ሴኔት ተወዳዳሪዎች ፎቶ ጥንድ ጥንድ አድርገው አሳዩና «ብቁ የሚመስለው የቱ ነው?» አሏቸው። 70 በመቶ ገደማ በሆኑት ውድድሮች፣ በፊቱ ብቻ ብቁ የተባለው ሰው በምርጫውም አሸንፎ ነበር። ፖሊሲ የለ፣ ክርክር የለ። ታጥቦ ተጠጣ!

እኔማ ይሄን በልጅነቴ አይቼዋለሁ። የክፍል አለቃ ምርጫ ላይ አንድ ገጽ ሙሉ ዕቅድ በእስክሪብቶ ጽፌ ለጠፍኩ። ተቀናቃኜ ስሙን ብቻ በወፍራም ቀይ ማርከር ጽፎ በሩ ላይ፣ ሰሌዳው ጎን፣ ሽንት ቤት መግቢያ ላይ ሳይቀር ለጠፈው። አሸነፈ። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ሮበርት ዛዮንስ እ.ኤ.አ. በ1968 ነገሩን ጽፎት ኖሯል፤ ሰው አንድን ነገር ደጋግሞ ስላየው ብቻ ይወደዋል። ያ ልጅ ዓመቱን ሙሉ አንዲት ጠመኔ እንኳ አላመጣም። ስሙ ግን አሁንም በቀይ ነው የሚታየኝ።

ምን እያልኩ ነበር? አዎ፣ ሩቅ አሳቢዎቹ። ዓይናቸውስ ይሁን፣ መፈክሩን እንኳ ቢጫ ላይ በነጭ ፊደል ጽፈውት ማንበብ አቃተኝ። ሆን ብለው ይመስለኛል፤ የተነበበ ነገርማ ይጠየቃል።