ቃሉን ወሰድን፣ ይሉኝታውን ተውነው

ትናንት ታክሲ ውስጥ ከኋላዬ የተቀመጡ ልጆች በየመሃሉ «ፋክ» ይላሉ። የስልክ ባትሪ አለቀ፣ «ፋክ»። የበሉት በርገር ጣፍጧቸው ኖሯል፣ እሱም «ፋክ»። አጠገባቸው ነጠላ ያጣፉ፣ እናታቸው የሚሆኑ ሴት ተቀምጠዋል። ልጆቹ የቃሉን አማርኛ እዚያ ከሚናገሩት መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣቸው ይመርጣሉ። በእንግሊዝኛ ሲሆን ግን ስድብ አይመስላቸውም።

እኔን የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው። ቃሉ ወሲብን በብልግና የሚጠራ ነው። እንግሊዞቹ ራሳቸው ስንት ዘመን ሸሽተውታል! ሳሙኤል ጆንሰን እ.ኤ.አ. በ1755 ባሳተመው መዝገበ ቃላት ውስጥ አላስገባውም። ትልቁ የኦክስፎርድ መዝገበ ቃላትም የተቀበለው እ.ኤ.አ. በ1972 ነው።

ደግሞ «በንጉሥ ፈቃድ ከሚል ምህጻረ ቃል የመጣ ነው» እያለ የሚያስተምር አይጠፋም። ውሸት ነው። ከደች እና ከስዊድን ቋንቋ ዘመዶች ያሉት የቆየ ቃል ነው።

አዎ፣ ዛሬ ለንዴትም፣ ለመገረምም፣ ነገር ለማጉላትም ይውላል። ግን ባለቤቶቹ የትና ለማን እንደሚሉት ያውቃሉ። ለጓደኛው የሚለውን ሥራ ሊቀጠር ሄዶ አይለውም። እኛ ዘንድ ግን ሕፃን በአያቱ ፊት ሲለው «እንግሊዝኛ ቻለ» ተብሎ ይሳቅለታል። በጣም ያሳዝናል!

ልወርድ ስል ሴትዮዋ ክንዴን ያዝ አድርገው «ልጄ፣ ምን ማለታቸው ነው?» አሉኝ። ምን ብዬ ልተርጉምላቸው? አንገቴን ደፍቼ ወረድኩ።