ከጭራው የጀመረ ሰው

ፐርሰናሊቲዬን ያወቅኩት ባለፈው እሑድ ነው፤ ሐዋሳ፣ አሞራ ገደል፣ ዓሳ ስበላ። አጠገቤ የተቀመጠ ሰው አንባቢ ሳልጠይቀው ነገረኝ። "ከጭራው ጀመርክ። ፈሪ ነህ።"

እነዚህን ሰው አይተው ጠባዩን የሚናገሩትን ታውቋቸዋላችሁ። ባጃጅ ውስጥም፣ ሠርግ ላይም አሉ። እግዜር ያብዛልን! ምስኪኖቹ የሥነ ልቦና ሰዎች ስንት ለፉ። በ1936 ኦልፖርትና ኦድበርት ከእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ሰውን የሚገልጹ 18,000 ያህል ቃላት ለቀሙ። ከነሱ በኋላ የመጡት ስንት ዓመት ሲያጣሩ ከርመው አምስት ዋና ዋና ጠባያት ላይ ደረሱ። ከታወቁት መጠይቆቻቸው አንዱ 240 ጥያቄ አለው። ይባስ ብለው ያንኑ ሰው ቆይተው ደግመው ይጠይቁታል፤ መልሱ ይቀራረብ እንደሆነ ለማየት። ሥራ መፍታት! ለኛዎቹ አንድ ቁራሽ ይበቃል።

ከጭንቅላቱ የጀመረ መሪ ነው። ዓይኑን የበላ ባለራዕይ። ከሆዱ የጀመረ ለትዳር አይሆንም። እሾህ የሚለቅም ሒሳብ ሹም ይሁን። እሾህ የተሰነቀረበት ስሜታዊ ነው፤ ካሳለው ደግሞ ታዩልኝ ባይ። ገልብጦ የበላ ሁለት ፊት አለው። ዳጣ ያበዛ ቁጡ፣ ዳጣ የተወ ምስጢረኛ፣ ሎሚ ያበዛ ቂመኛ። "ዓሳ የማይበላውስ?" አልኩት። "እሱ ራሱን ይደብቃል።" ተነስቼ ልታጠብ አልኩና የእጅ አስተጣጠብም ይነበባል ብዬ ተውኩት። (እውነትም ፈሪ ነኝ።)

ደግሞ ይገጥማል እኮ! "አንዳንዴ ተጫዋች ነህ፣ አንዳንዴ ብቻህን መሆን ትወዳለህ" ሲለኝ ራሴን ነቀነቅኩ። በ1948 ፎረር የሚባል አሜሪካዊ መምህር ለ39 ተማሪዎቹ ለየራሳቸው የተጻፈ አስመስሎ አንድ ዓይነት ጽሑፍ አደላቸው። "እንዴት ገለጻችሁ?" ሲላቸው ከ5 በአማካይ 4.26 ሰጡት። እኔም ልሰጥ ነበር።

አንዱ ግን አያስቅም። የጎረቤቴ ልጅ ለሥራ ተፈትና በጽሑፉ አንደኛ ወጣች። ቃለ መጠይቁ ላይ "ፐርሰናሊቲ ይጎድላታል" ተብላ ቀረች። ፐርሰናሊቲ እኛ ዘንድ ምን እንደሆነ መቼም አይጠፋችሁም፤ ቁመት፣ ሱፍ፣ ጫማ። አራት ዓመት የተማረችውን በተረከዝ ለኩት! ልጅቷ ሁለት ቀን ከክፍሏ አልወጣችም። ትንሽ እንኳ አያፍሩም?

ወደ ዓሳዬ ልመለስ። ከኋላችን አንድ አባ ኮዳ የሚባለው ትልቅ ወፍ ቆሟል። ቁመቱ ሎጋ፣ ራሱ በራ፣ ላዩ ጥቁር ካፖርት። የተረፈኝን ወረወርኩለት። ከጭንቅላቱ ጀመረ።

ሲቪ የለውም እንጂ ቃለ መጠይቁን ያልፍ ነበር።