ኪው ያለ ዩ

ሰሞኑን እኛ በርጫ ላይ ፖለቲካ ቀርቷል፣ ኳስም ቀርቷል፣ ወሬው ሁሉ ፊደል ሆኗል። ጥፋቱ የኔ ነው። ያቺን የፊደል ጌም ስልኬ ላይ የጫንኳት እኔ ነኝ፣ ታውቋት የለ፣ ስድስት ሰባት የእንግሊዝኛ ፊደል ክብ ሰርታ ትበትንልህና በጣትህ እያገናኘህ ከነሱ የሚወጣውን ቃል ሁሉ አውጣ የምትለዋ፣ ሲያቅትህ በሳንቲም ፍንጭ ትሸጥልሃለች፣ ሳንቲምህ ሲያልቅ ደግሞ የሳሙና ማስታወቂያ ካላየህ ብላ ታግትሃለች።

መጀመሪያ ለብቻዬ ነበር የምጫወተው። የድሬ ሙቀት ከስምንት ሰዓት በኋላ ሌላ ምን ያሰራል። አንድ ቀን ግን አፌን አያርመውና "ከኢ፣ ከኤ እና ከቲ ምን ይወጣል?" አልኩ። አለቀ። ኢት፣ ቲ፣ ኤት እያሉ ሶስት ሰው አናቴ ላይ ተደፋ፣ ስልኬን ከዛን ቀን ጀምሮ በወጉ ይዤያት አላውቅም።

ሶስቱን ላስተዋውቃችሁ። ቲቸር እንግሊዝኛ ሲያስተምር የኖረ ነው። ታይዋን በሚባለው የድሬ ገበያ ሱቅ ያለው ደግሞ ትምህርቱን ከአራተኛ አቋርጦ እንግሊዝኛን ከካርቶን ላይ የለመደ ልጅ ነው፣ ታይዋን ነው የምንለው። ጋሼ የምድር ባቡር ጡረተኛ ነው (ነው ስላልኩ አትቆጡ፣ ድሬ ላይ አንቱ ብትለው ምን አጠፋሁ ብሎ ይደነግጣል)።

አንድ ቀን ኤል፣ አይ፣ ኤስ፣ ቲ፣ ኢ፣ ኤን ወጡ። ቲቸር ጉሮሮውን ጠራርጎ "ሊስን!" አለና ስልኩን ተቀብሎ በጣቱ ጎተተ፣ ኤል አይ ኤስ ኢ ኤን። ጌሟ እምቢ። ደገመ፣ እምቢ። "ኔትወርክ ነው" አለ። ጌሟ ያለ ኔትወርክ እንደምትሰራ ማን ደፍሮ ይንገረው። ታይዋን ቅጠሉን እየቀነጠሰ "ሊስተን ማለትህ ነው?" አለው።

"ሊስ-ተን!" ቲቸር ሳቀ፣ መከዳውን እየደበደበ ሳቀ። "አቦ ቲዋ እኮ አትነበብም!"

"አትነበብም እንጂ አትጻፍም ተባለ?" ብሎ ቲዋን ጨምሮ ሲጎትት ሳጥኑ አረንጓዴ ሆነ። ከዛን ቀን ወዲህ ታይዋን ቃሉን ሁሉ እንደተጻፈው ነው የሚያነበው፣ ናይፍን ክኒፌ ይላል፣ የሚያርመው ጠፋ። እነዛው ስድስት ፊደሎች ሲገለባበጡ ደግሞ ሳይለንት ይወጣቸዋል። ማዳመጥና ዝም ማለት። በርጫ ቤት ሁለቱም የሉም።

የከፋው ግን የኪው ቀን ነው። ሰባት ፊደል፣ ቢ፣ ኤ፣ ኤን፣ ኪው፣ ዩ፣ ኢ፣ ቲ። ትልቁን ቃል ጋሼ "ባንኬ!" ብሎ አወጣው፣ ግብዣ ማለት ነው። ፈረንሳይኛ ነው ብለን ልንስቅበት ስንል እንግሊዞቹም ባንክዌት ብለው ወስደውት ኖሯል። ጋሼ ኮራ። ባቡሩ በፈረንጆቹ 1902 ድሬ ሲገባ ቋንቋውንም ጭኖ ነው የገባው፣ ለገሃር እራሱ ላ ጋር ነው፣ ጣቢያው ማለት፣ ይሄን በቀን ሶስቴ ይነግረናል።

ሌላው ተሞላና አንድ ባለ ሶስት ሳጥን ቀረ። መጀመሪያው ኪው። ያለንን ሳንቲም በሙሉ ከስክሰን የገዛነው ፍንጭ መጨረሻው ቲ ነው አለን። ቲቸር እጁን አነሳ፣ "ኪው ያለ ዩ አይንቀሳቀስም፣ ሕግ ነው። ጌሟ ተሳስታለች።" ታይዋን እንደዚህ የሚል ካርቶን አላየሁም አለ። አንድ ሰዓት ሙሉ ቅጠል እየቀነጠስን፣ እያኘክን፣ ለውዝ እየፈለፈልን ተፋጠጥን። በመጨረሻ ሻይ ሊያቀብል የገባው የእህቴ ልጅ የመሀሉን ፊደል በየተራ ሞከረው፣ እንዲሁ ሰልችቶት ነው እንጂ አውቆ አይደለም፣ ኤ ላይ ሲደርስ አረንጓዴ።

ኪው ኤ ቲ። ቃት። "ምንድነው?" አልን። ልጁ ትርጉሙን ነካው፣ ቅጠሉ የሚታኘክ ቁጥቋጦ ነው ይላል። አራታችንም እጃችንን አየን። ያኔ ነው ሳይለንት የሆነው።

ዝምታው ብዙ አልቆየም። ታይዋን "አወዳይ አፍንጫችን ስር ተቀምጣ የኛን ጫት በአረብ አፍ ይጽፉታል?" ብሎ ተነሳ። ነገሩ እውነት ነው፣ ቃት የሚሉት አረቦቹ ናቸው። ልጁ ደግሞ ስክራብል የሚባለውን ጨዋታ ያውቀዋል፣ 100 ጠጠር አለው፣ ኪው አንዲት ብቻ ነች፣ እሷም 10 ነጥብ ታወጣለች፣ ጤፍም ብርም እዛ ላይ ይፈቀዳሉ አለን። ሂሳብ ተጀመረ። ጫት በኪው ሲጻፍ 12 ነጥብ፣ ጤፍ 10፣ ብር 6። ጋሼ ሰምቶ ሰምቶ "ድሮስ ብር መች ደርሶበት ያውቃል" አለና ያለቀ ቅጠሉን ወደ ገራባው ወረወረ።

ሽንፈቱ የከነከነው ቲቸር "በራሳችን ፊደል እንጫወት" አለ። የኛ ግን አናባቢውን ታቅፎ ነው የሚዞረው፣ ላ ከወጣ ላ ነው፣ ለ ሁንልኝ ብትለው አይሰማህም። ቢሆንም ከሰላም ላም ወጣች። ከበረከት በረት ወጣ። ጋሼ በደስታ አጨበጨበ፣ ላሟ ማደሪያ አገኘች።

"በሉ ገራባውን ስጧት" አለ ታይዋን።