«ላይ» የምትለው ቃል በፓተንት ክርክር

እንጅባራ ውስጥ አንድ የቀርከሃ ባለሙያ አለ እንበል። ቀርከሃውን ሰንጥቆ፣ ልጎና በሙጫ ደራርቦ ጠንካራ የወለል ሳንቃ ያወጣል፤ ፓተንት (ለፈጠራ የሚሰጥ ብቸኛ የመጠቀም መብት) ሲጠይቅም የመብቱን ወሰን «በመጀመሪያው ንጣፍ ላይ የተጣበቀ ሁለተኛ ንጣፍ» ብሎ ይጽፋል። ሌላ ሰው በሁለቱ ንጣፎች መካከል ስስ ጨርቅ አስገብቶ ያንኑ ሳንቃ ቢሸጥ መብቱን ተጋፍቷል ወይስ አልተጋፋም? አማርኛችን አንዱ ሌላውን ነክቶ ሲቀመጥም፣ ሳይነካው ከበላዩ ሲሆንም «ላይ» ስለሚል፣ ይግባኝ ሰሚው ችሎት መዝገበ ቃላት ቢገልጥ ለሁለቱም ተከራካሪዎች የሚስማማ ፍቺ ያገኛል።

ስለዚህ ዳኛው አስቀድሞ ማንበብ ያለበት ከማመልከቻው ጋር የቀረበውን የፈጠራ መግለጫ ነው ብዬ አምናለሁ። መግለጫው ጥንካሬው የሚገኘው ሙጫው ከአንዱ ንጣፍ ወደ ሌላው ዘልቆ ሲደርቅ መሆኑን ካስረዳ፣ ጨርቅ የገባበት ሳንቃ ከወሰኑ ውጭ ነው ማለት ያስኬዳል። ከምሳሌዎቹ አንዱ መካከለኛ ሽፋን ያለው ሳንቃ ከሆነ ግን፣ ባለሙያው በግልጽ ያሳየውን ሥራ ከመብቱ ማስወጣት ፍርደ ገምድልነት ነው። በሌላ በኩል፣ መግለጫው አንድ ጥቅም ስለጠቀሰ ብቻ ወሰኑ በዚያ ጥቅም ይታጠራል ማለት አይደለም። የፓተንት ይግባኝ የሚሰማው የአሜሪካ የፌዴራል ሰርኪዩት ይግባኝ ፍርድ ቤት በ2005 እ.ኤ.አ. በፊሊፕስ ጉዳይ፣ በግድግዳ ውስጥ የሚገቡ የብረት መከለያዎች ጥይት እንዲያነጥሩ የግድ አዘንብለው መቆም አለባቸው የሚለውን ጠባብ ንባብ ያልተቀበለው በዚሁ ምክንያት ነው።

በእኛ አገር አንድ ተጨማሪ ጥያቄ አለ። ሰበር ችሎት የሚያርመው መሠረታዊ የሕግ ስህተትን ስለሆነ፣ የወሰኑ ንባብ እንደ ፍሬ ነገር፣ ማለትም በማስረጃ እንደሚጣራ ጉዳይ፣ ከተቆጠረ የተሳሳተ ትርጉም ሳይታረም ሊቀር ይችላል። በአዋጅ ቁጥር 123/1987 የሚሰጠው ጥበቃ 15 ዓመት፣ ፈጠራው በአገር ውስጥ በሥራ ላይ መዋሉ ሲረጋገጥ ደግሞ ተጨማሪ 5 ዓመት ብቻ ነውና፣ ንባቡ የሕግ ጥያቄ ተብሎ ቶሎ መቋጨት ይኖርበታል።

ቃል ሁለት ፍቺ ማዘሉ በዋሸራና በጎንጅ ቅኔ ቤቶች የሊቅነት መለኪያ ነው፤ እኔም የምኮራበት ቅርስ ነው። የመብት ወሰን የሚጽፍ ሰው ግን ሰምና ወርቁን ትቶ «መካከለኛ ሽፋን ኖረም አልኖረም» ወይም «በቀጥታ የተጣበቀ» ብሎ ገና በማመልከቻው ላይ ይለይ።