ፔዳና ፖሊ፣ ቨርጂኒያና ቴክሳስ

ባሕር ዳር ላይ ባጃጅ ስትይዙ «ዩኒቨርሲቲ አድርሰኝ» አትሉም። «ፔዳ» ወይ «ፖሊ» ነው የምትሉት። ፖሊ በ1950ዎቹ በሶቪየት ኅብረት ድጋፍ የተከፈተው የቴክኒክ ተቋም ነው። ፔዳ ደግሞ ከዐሥር ዓመት ገደማ በኋላ ለመምህራን ሥልጠና ተቋቋመ። በ1992 ዓ.ም. ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሲመሠረት አንድ ሆኑ። ማኅተሙ አንድ ነው፤ በሰው አፍ ግን እስከ ዛሬ ሁለት ናቸው።

የአሜሪካ ምድር ጦር ሁለት ትልልቅ ዕዞቹን ማዋሐዱን ሳነብ ትዝ ያለኝ ይኸው ነው። ወታደር የሚያሠለጥነውና የውጊያ መመሪያ የሚያዘጋጀው ዕዝ ቨርጂኒያ ነበር። ጦሩ ነገ በምን መሣሪያ፣ እንዴት እንደሚዋጋ የሚያጠናው ደግሞ ቴክሳስ፣ ኦስቲን። በመሀል 2,000 ኪሎ ሜትር ገደማ አለ። እ.ኤ.አ. በ2025 ኦክቶበር ላይ የሁለቱን ሥራ የያዘ አንድ የለውጥና የሥልጠና ዕዝ ኦስቲን ላይ ተቋቋመ።

እኔ ውሕደቱን እደግፋለሁ።

ሠፈራችን ውስጥ በጡረታ የወጡ አንድ ወታደር አሉ። ጋሼ ነው የምንላቸው። ቡና ላይ ደጋግመው የሚያነሱት ነገር አለ። ክፍላቸው አዲስ መሣሪያ ሊታጠቅ ሥልጠና ገባ። አሠልጣኞቹ ራሳቸው መሣሪያውን በሥዕል እንጂ በእጃቸው ይዘውት አያውቁም ነበር። «ጥቁር ሰሌዳ ላይ ተማርነው፣ የነካነው ምሽግ ውስጥ ነው» ይላሉ። እዚህ ላይ ሲደርሱ ድምፃቸው ይቀየራል። አብረዋቸው ከተማሩት ብዙዎቹ አልተመለሱም።

አሜሪካኖቹም ይህን ችግር ያውቁታል። እ.ኤ.አ. በ1962 የመሣሪያና የአደረጃጀት ጥናቱን ለብቻው ዕዝ አደረጉት። በ1973 ከሥልጠናው ጋር መልሰው አገናኙት፤ የመጀመሪያው አዛዥ ጄኔራል ዊልያም ዲፑይ ነበሩ። ወዲያው በዚያው ዓመት በእስራኤልና በዓረቦች መካከል የኦክቶበሩ ጦርነት ፈነዳ። ፀረ ታንክ ሚሳይል በጥቂት ቀናት ውስጥ ስንቱን ታንክ አነደደ! ዲፑይ ያንን ጦርነት አስጠኑ፤ የተገኘው ትምህርትም ወደ መመሪያውና ወደ ልምምዱ ገባ። ጥናቱና ሥልጠናው አንድ ጣሪያ ሥር መሆናቸው በጣም የረዳቸው ይመስለኛል። በ2018 ግን ጦሩን ቶሎ ለማዘመን ተብሎ እንደገና ለያዩት። ከሰባት ዓመት በኋላ ይኸው ተመለሱ።

ዛሬ ነገሩ ከያኔው ይብሳል። ዩክሬን ውስጥ የድሮን ዘዴ በሳምንታት ይለወጣል። በጥር የሠራው ዘዴ በመጋቢት ሰው ያስጨርሳል። እንዲህ ባለ ጊዜ ከግንባር የመጣ ትምህርት ከቢሮ ቢሮ ሲዞር መክረም የለበትም።

የሚያስፈራኝ ሌላ ነው። አዲስ መሣሪያ ብዙ ገንዘብ፣ ትልልቅ ኩባንያና ካሜራ ይከተለዋል። ሥልጠናን የሚከተለው ግን አንድ አሠልጣኝ አሥር አለቃ ነው፤ ድምፁ የዘጋ፣ ጫማው ጭቃ የያዘ። ሁለቱ አንድ ጠረጴዛ ሲቀርቡ የማን ቃል እንደሚሰማ መገመት አይከብድም። የአዲሱ ዕዝ ዋና መቀመጫም ኦስቲን ነው፤ የሥልጠናው መሥሪያ ቤት የነበረበት ቨርጂኒያ አይደለም። ይህ ብቻውን ጥፋት ነው አልልም፤ ግን ልብ ይባል።

ለእነሱም ሆነ የእኛን ጦር ለሚያደራጁት የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። መሣሪያ ከመገዛቱ በፊት ያ አሥር አለቃ በእጁ ይያዘው፣ ይተኩስበት፣ ይፍታው፣ ይግጠመው። «ይህ ለልጆቼ አይሆንም» ካለ ደግሞ ግዢው ይቁም።