ዶሮው እስኪደርስ

ሱሉልታም ሆነ ሰንዳፋ፣ የፋሲካ ጥሪ «በ6 ሰዓት ድረሱ» ተብሎ ይነገራል። ጠሪዋ ግን ገበታ የምታቀርበው በ9 ሰዓት ነው፤ ተጠሪውም ይህን ስለሚያውቅ በ8 ይመጣል። ጭንቅ የሚሆኑት ቃላቸውን አክብረው በ6 ሰዓት ከች የሚሉት ናቸው። ለእነሱ የተፈጠረች አፍ ማሟሻ አለች፦ አይብ በእንጀራ ተጠቅልሎ፣ በሦስት ጣት ልክ ተቆርጦ፣ ስቴኪኒ ተሰክቶበት። ስቴኪኒው ከመሃል ከተማ የመጣ ሥልጣኔ ነው፤ እማማዎች ነቅለው ጥርሳቸውን ይጎረጉሩበታል፣ እሱም ደግ።

አይቡ የሚወጣው ቅቤው ተንጦ ከሚቀረው አሬራ ነው። ከ8 እስከ 10 ሊትር አሬራ አንድ ኪሎ ገደማ አይብ ይሰጣል፤ ውኃ የጎበኘው ከሆነ ድስቱ ይሞላል እንጂ ነጠላው ላይ የሚቀር ነገር የለም። ታዲያ ቀምሶ መግዛት ነበር የሚሻለው። ግን ቀኑ ቅዳም ስዑር፣ የሁዳዴ 55ኛ ቀን ነው! ገዢዋ ጾመኛ፣ ሻጩም ጾመኛ፤ ያለው ዋስትና መሐላ ብቻ ነው። አሬራውን ብርጭቆ ውስጥ ማዘንበልና ግድግዳው ላይ ነጭ ሽፋን መተዉን ማየት ከመሐላ ይሻላል።

ነገር የሚበላሸው እሳት ላይ ነው። 50 ዲግሪ አካባቢ፣ ማለትም ጣት ነክረው ቶሎ የሚያወጡበት ሙቀት፣ ለአንድ ሰዓት ያህል ይበቃዋል። ቸኩሎ ያንተከተከ ሰው አይቡ ውኃውን ተፍቶ ይኮማተርበትና የሚታኘክ ላስቲክ ያቀርባል። ማማሰልም ክልክል ነው፤ የረጋው ይበጣጠስና ደቃቁ ከአጓቱ ጋር ይፈሳል። «እስቲ ላማስልልሽ የኔ እህት» የምትል ጎረቤት ብቅ ካለች ፈጥኖ ሽንኩርት ማስያዝ ነው። አይቡ ተሰብስቦ ዙሪያውን የጠራ፣ ወደ ቢጫ የሚያደላ አጓት ሲታይ ይወርዳል። ከቀዘቀዘ በኋላ በንጹሕ ነጠላ ሁለት ሦስት ሰዓት ይንጠልጠል፤ በደንብ ያልጠነፈፈ አይብ እንጀራውን አርሶ ትሪው ላይ ይዘረግፈዋል።

ለአንድ ኪሎ ሦስት የሾርባ ማንኪያ በኮሰረት የተነጠረ ቅቤ፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ሚጥሚጣ፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው። ቅቤው ለብ ያለ ይሁን፤ ከማቀዝቀዣ የወጣ አይብ ላይ ካፈሰሱት እዚያው ይረጋና ጓል ጓል ይሆናል። ጎመን የሚጨምር ሰው ቀቅሎ አጥብቆ ይጭመቀው።

ቅምሻው ላይ እንደገና ጾሙ አለ። ወጉ ያልደረሰበትን ትንሽ ልጅ መጥራት ነው። ልጁ ጨው ቢያንስም «ይጣፍጣል»፣ ቢበዛም «ይጣፍጣል» ይላል፤ ድጋሚ የሚያስቀምሰውን ፍርድ ያውቃል። ስለዚህ በማንኪያ የሰፈረች ባለሙያ አታፍርም።

መጠቅለሉ ለነገ፣ እንግዳ ከመድረሱ ግማሽ ሰዓት አስቀድሞ ነው። ከኪሎው 40 ያህል ጥቅል ይወጣል፤ ለሰው ሦስት ይበቃል፣ አራተኛውን የበላ ዶሮውን ይንቃል። «በሞቴ!» የሚለው ልመና ለዋናው ገበታ ይቆይ። ትሪውን ልጅ ቢያዞረው ጥሩ ነው፣ ልጅ አይለማመጥም፤ የጨው ዳኛው ግን ባይሆን ይመረጣል፤ ከጓዳ ሳሎን እስኪደርስ ሒሳቡ ይጎድላል።