አቶ ፓርኮ

አያቴ አቶ ፓርኮን በጣም ታከብራቸዋለች። አይታቸው ግን አታውቅም። ሰፈር በስሙ የተሰየመለት ሰው መናኛ ሊሆን አይችልም ባይ ናት። «ደግ ሰው ነበሩ መሰለኝ» አለችኝ አንድ ቀን ቡና እየቆላች። «መኪናም ሳይኖራቸው አይቀርም።»

መኪና እንኳ ነበራቸው። ግቢ ሙሉ።

ለማያውቀው ልንገረው። አውቶ ፓርኮ ጎንደር ውስጥ ያለ ሰፈር ነው። ቃሉ የጣሊያን ነው፤ የመኪኖች ማቆሚያና ማደሪያ ግቢ ማለት ነው። ጣሊያን ከተማችን የገባው በ1928 ዓ.ም. ነው። በምሥራቅ አፍሪካ የቀረው የመጨረሻው ትልቁ ጦሩ እጁን የሰጠውም እዚሁ ነው፤ ኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም.። ሰዎቹ ሄዱ። መኪኖቹ ሄዱ። ቃሉ ቀረ። ብቻውን የቀረ ቃል ደግሞ ዘመድ ይፈልጋል። አማርኛ ውስጥ «አውቶ» የሚባል ዘመድ አላገኘም። «አቶ» ግን አለ። ተጠጋ።

አንድ ጊዜ ላርማት ሞክሬ ነበር።

«እምዬ፣ ሰው አይደለም እኮ። አውቶ ማለት መኪና ነው።»

«ፓርኮስ?»

«ማቆሚያ።»

ቡናውን መቁላቷን ትታ ቀና አለች። «እና ያን ሁሉ ዓመት ተቀምጦ፣ ያን ሁሉ ሰው አስለቅሶ፣ የሚተውልን ስም አጥቶ መኪና ማቆሚያ ብሎን ሄደ ነው የምትለኝ?»

ቡናው አረረ። ጥፋቱም የእኔ ሆነ። ከዚያ ወዲህ አርሜያት አላውቅም።

ፒያሳ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። በጥምቀት ሰሞን አንድ ጣሊያናዊ ሽማግሌ መንገድ ላይ አስቆመኝ። ፖስታ ቤቱን ነው የሚፈልገው። ያገሩ ሰዎች የሠሩት ሕንፃ ነውና ሊያየው መጥቶ ይሆናል። እኔም በኩራት «ፒያሳ ነው ያለው» አልኩት፣ በዚያችው በተሰባበረች እንግሊዝኛዬ።

«ፒያሳ፣ እሺ። የትኛው ፒያሳ?»

«ፒያሳ።»

«ገባኝ፣ አደባባይ ነው። የማን አደባባይ?»

«የማንም አይደለም። ስሙ ነው ፒያሳ።»

ሰውዬው ትክ ብሎ አየኝ። በእነሱ አገር ፒያሳ ብቻውን አይቆምም። ሮም ውስጥ ፒያሳ ናቮና አለ፣ ፒያሳ ቬኔዚያ አለ። የማን መሆኑ ይነገራል። እኔ የነገርኩት «ወደ አደባባዩ ሂድ፤ አደባባዩ አደባባይ ይባላል» ብዬ ነው። ምስኪን፣ በገዛ ቃሉ መንገድ ጠፋው። ያዳነን አንድ የባጃጅ ሹፌር ነው። «ፒያሳ! ፒያሳ! አንድ ሰው!» እያለ ሲመጣ ሽማግሌው ዘሎ ገባ። የማን እንደሆነ አልጠየቀም።

በዚህ ላይ አዲስ አበባም ፒያሳ አለ። አራዳም እዚያም አለ፣ እዚህም አለ። እዚያ የምትኖረው እህቴ ስትደውል «ፒያሳ ነኝ» ካልኳት «መቼ መጣህ?» ትላለች። «ፒያሳ አደባባይ እንገናኝ» የሚሉ ጓደኞችም አሉኝ። አደባባይ አደባባይ። ግን ማንም አይሳቅብን። ዓለም ሁሉ «የሰሃራ በረሃ» ይል የለ? ሰሃራ በዓረብኛ በረሃ ነው።

በአያቴም አይሳቅባት። ይሄን የምለው አድልቼ አይደለም፣ ትንሽ ባደላም።

ከተማችን መካከል ጃንተከል የሚባል ዋርካ አለ። ጃን የነገሥታት ማዕረግ ነው። ጃንሆይ የሚለውም፣ ጃን ሜዳ የሚለውም ከዚያው ነው። ጃንተከልን ንጉሥ የተከለው ብለን እንፈታዋለን። አሁን አውሮፓ እንሂድ። ከ12ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ አውሮፓውያን አንድ ሰው ይፈልጉ ነበር። ቄስም ንጉሥም የሆነ፣ ሩቅ አገር ያለ፣ ፕሬስተር ጆን የሚባል ክርስቲያን። እስያ ፈለጉት፤ ጠፋ። ከዚያ እኛ ጋ ነው ተባለ። እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1520 የፖርቱጋል መልእክተኞች አፄ ልብነ ድንግል ዘንድ ሲደርሱ እንኳ ንጉሡን በዚያው ስም ነው የሚጠሯቸው። «ጃን» የሚለው ማዕረግ በጆሯቸው «ጆን» ሆኖ ነው ነገሩ የተፈጠረው የሚሉ አሉ።

ይሄ እውነት ከሆነ አያቴ ምን አጠፋች? እሷ ከመኪና ማቆሚያ አንድ አቶ አወጣች። እነሱ ከማዕረግ አንድ ቄስ አወጡ። እሷ ቢያንስ ባሕር ተሻግራ አቶ ፓርኮን አልፈለገችም።

ከሁሉ ደስ የሚለኝ ግን የምስሩ ጉዳይ ነው። አያቴ አዲስ ዓለም የምትኖር አንዲት የረጅም ዘመን የቡና ጓደኛ አለቻት። ሰፈሩ የጎንደር እስላሞች የቆየ ሰፈር ነው። ሴትየዋ ልጃቸው ካይሮ ይሠራል። ወሬው የተደረገው በሁዳዴ ነው፣ እኔም አጠገባቸው ነበርኩ።

«ልጅዎ ደህና ነው?» አለቻቸው አያቴ።

«አልሐምዱሊላህ። ምስር ነው ያለው።»

«እኔም ቤት ምስር ነው ያለው» አለች አያቴ ተክዛ። «ምን ይደረግ፣ ጾም ነው።»

ሴትየዋ እስካሁን ይስቃሉ። ዓረቦቹ አገራቸውን ምስር ነው የሚሏት። ግብፅ የሚለው ከግሪክ የመጣ ነው። የግዕዝ መጻሕፍታችን ውስጥም ምስር አለች። ምስር ወጥ ውስጥ ያለችው ሌላ ናት፤ በድምፅ ብቻ ነው የተገናኙት።

የሚገርመው ከዚያችው ምስር ራሳችን ያመጣነው ስም ደግሞ ከአያቴ ቤት በላይ ተራራው ሥር ተቀምጧል። ቁስቋም። የመጀመሪያዋ ቁስቋም ያለችው በላይኛው ግብፅ ነው። እመቤታችን ከልጇ ጋር ተሰድዳ ያረፈችበት ቦታ ነው። እቴጌ ምንትዋብ በ18ኛው ክፍለ ዘመን ቤተ ክርስቲያንና ቤተ መንግሥት አሠርተው ስሙን ከዚያ አምጥተው ተከሉት። በየዓመቱ ኅዳር 6 ቀን ይነግሣል። ይሄን ለአያቴ ስነግራት «ቁስቋምማ የኛ ናት፤ እነሱ ከኛ ወስደው ይሆናል» አለች። አላረምኳትም። ቡና ላይ ነበረች።

ስለ ስም እንዲህ ስቀልድ ከርሜ ባለፈው ዓመት ስሙ ራሱ ቀለደብኝ።

የእህቴ ልጅ፣ ጎንደር እኛው ጋ ያደገው፣ ጀርመን አገር የትምህርት ዕድል አገኘ። እልል ተባለ። ሰነዶቹን ይዘን አንድ መሥሪያ ቤት ሄድን። ስሙ ይቅር። ጸሐፊዋ የልደት ምስክር ወረቀቱንና የትምህርት ማስረጃውን ጎን ለጎን አስቀምጣ እያቀያየረች ታያለች።

«ይሄ የተወለደው ጂ፣ ኦ፣ ኤን፣ ዲ፣ ኤ፣ አር ነው» አለች። «ይሄኛው ግን ጂ፣ ኦ፣ ኤን፣ ዲ፣ ኢ፣ አር።»

«አንድ ነው እኮ እህቴ። ጎንደር ነው።»

«እኔም አውቃለሁ ጎንደር መሆኑን። ጎንደር ነው ያለነው። ወረቀቱ ግን ሁለት ቦታ ነው የሚለው።»

ከዚያ ወደ ልጁ ዞረች። «የት እንደተወለድክ ወስን።»

«እኔ አንዴ ነው የተወለድኩት» አላት።

ጥፋቱ የማን ነው? የ«ደ» ነው። «ደ» በላቲን ፊደል ቤት የላትም። «ዳ» አይደለችም፣ «ዴ» አይደለችም። አንዱ ጸሐፊ አዝኖላት ኤ ቤት ያሳድራታል፣ ሌላው ኢ ቤት ያሳድራታል። ፈረንጁም ያየውን ያነባል፤ «ጎንዳር» ብሎን ይሄዳል። የአውሮፕላን ጣቢያችን መለያ ደግሞ ጂ፣ ዲ፣ ኪው ነው። ኪውን ከየት መጣሽ ያላት የለም። ልጄን ግን አላሳልፍ አሉት።

እኔን ያናደደኝ የሚሄድበት አገር ነው። ባለቤቶቹ ዶይችላንድ ይሏታል። ፈረንሳዮች አልማኝ ይላሉ፣ በአንድ የድሮ ነገድ ስም። ፊንላንዶች ሳክሳ ይላሉ፣ በሌላ ነገድ ስም። ፖላንዶች ጭራሽ ኒየምትሲ ይሏታል፤ ሥሩ «ድዳ» ከሚለው ቃል ነው ይባላል። ቋንቋቸው ስላልገባቸው ጎረቤቶቻቸውን ድዳ አሏቸው! እና ይቺ በአራት ስም የምትጠራ አገር የቀበሌ ደብዳቤ አምጪ ተብላ ታውቃለች? እኛ በአንዲት ፊደል ተያዝን።

«ምን ይሻላል?» አልኳት ጸሐፊዋን።

«ሁለቱ አንድ መሆናቸውን የሚገልጽ ደብዳቤ ከቀበሌ አጽፉ።»

ቀበሌ ስንሄድ ጎረቤታችን መሪጌታ ለሌላ ጉዳይ ተቀምጠው አገኘናቸው። ነገሩን ሲሰሙ ራሳቸውን ነቀነቁ። «መጀመሪያ በራሳችሁ ፊደል መቼ በትክክል ጻፋችሁትና? በጎ አይደለም፣ በጐ ነው። ጐንደር።» ጸሐፊው ደነገጠ። «ሦስተኛ ሆነ እንዴ?» አለኝ በሹክሹክታ።

መሪጌታ ቀጠሉ። ያቺን ሁላችን የምናውቃትን ተረት አመጡ። የመንግሥቱ መቀመጫ ስሙ በ«ገ» ቤት ፊደል የሚጀምር ቦታ ይሆናል ብሎ መልአክ ትንቢት ተናግሮ ነበር። ነገሥታቱ ጉዛራን ሞከሩ፣ ጎርጎራን ሞከሩ፣ አልሆነም። በመጨረሻ አፄ ፋሲለደስ አድነው ጎሽ ሲከተሉ እዚህ ደረሱ። «አያችሁ» አሉ መሪጌታ፣ «ከተማዋ በፊደል ነው የተመሠረተች።»

እኔ ግን ሌላ ነገር ነው ያሰብኩት። መልአኩ የመጀመሪያዋን ፊደል ብቻ ተናግሮ ሄደ። የመጨረሻዎቹን ለመዝገብ ቤት ተወው። ይኸው እስከ ዛሬ እንገላታለን።

ደብዳቤው ተጻፈ። በአማርኛ ነው እንግዲህ። ማኅተሙ ደረቅ እስኪል ጠብቄ አነበብኩት። ቃል በቃል እንዲህ ይላል፦ «ጎንደር እና ጎንደር አንድ ከተማ መሆናቸው በቀበሌያችን ይታወቃል።»

ሁለቴ አነበብኩት። የእህቴ ልጅ ሳቁን ሊይዝ ሲል አስነጠሰው።

«ወንድሜ» አልኩት ጸሐፊውን፣ «ሁለቱም እኮ ያው ናቸው።»

«አዎ» አለኝ። «እሱን እኮ ነው የጻፍኩልህ።»

ልክ ነው። በእኛ ፊደል ልዩነቱ አይጻፍም። ልዩነት የሌለው ነገር አንድ መሆኑን ማኅተም አስመታንበት። ደብዳቤውን ይዘን ያቺ መሥሪያ ቤት ተመለስን። ጸሐፊዋ በአማርኛ አትቀበልም፤ በተርጓሚ ተተርጉሞ ይምጣ አለች። ተርጓሚ ዘንድ ሄድን። ከፈልን። በማግሥቱ ተተርጉሞ፣ ማኅተም ተመትቶበት፣ በጥሩ ወረቀት ታትሞ ወጣ።

ተርጓሚው ጠንቃቃ ሰው ነው። ስም ሲደጋገም አጻጻፉ እንዳይለያይ ይጠነቀቃል። ሁለቱንም በኢ ጻፋቸው።

ማታ አያቴ ቤት ገብተን ወረቀቶቹን ምንጣፉ ላይ ዘረጋናቸው። የልደቱ፣ የትምህርቱ፣ የቀበሌው፣ የትርጉሙ። አያቴ ማንበብ አትችልም። ግን ማኅተም ትቆጥራለች። አራት አገኘች። ሁለተኛው ቡና እስኪወርድ ድረስ እያገላበጠች ስታያቸው ቆየች። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።

«አየህ» አለችኝ፣ «አቶ ፓርኮ ቢኖሩ ይሄን ጉዳይ በአንድ ቀን ይጨርሱት ነበር። በዚያ ላይ መኪና አላቸው።»